ስሜን ለልጄ ላውርስ?

 

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል አንሥተን ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። የዛሬው ቃል ግን ለእኔ ከሌሎቹ ይከብዳል፤ የራሴ ስም ነውና። ስሜ ማስረሻ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ተጠርቼበታለሁ። በቅርቡ ልጃችን ልትወለድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ አንድ ጥያቄ ገጠመኝ፦ ይህን ስም ለእሷ ላውርሳት ወይስ እኔ ጋ ያብቃ?

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው።

ማስረሻ ምን ማለት ነው?

ግሱ «ረሳ» ነው። «ቁልፌን ረሳሁ» ትላላችሁ። ሌላ ነገር እንድንረሳ ሲያደርገን ደግሞ «አስረሳ» እንላለን፤ «ጨዋታው ምሳዬን አስረሳኝ» እንደማለት። ከዚህ ግስ የሥራ መሣሪያ ስናወጣ «ማስረሻ» ይሆናል፤ አንድን ነገር ለመርሳት የሚያገለግል ማለት ነው። ቤታችሁ ውስጥ ተመሳሳይ ቃላት ሞልተዋል። ጠረገ፣ መጥረጊያ። አበሰለ፣ ማብሰያ። ከፈተ፣ መክፈቻ። «ከፈተ» ላይ ያለው ተ ወደ ቻ እንደተለወጠ ሁሉ «ረሳ» ላይ ያለው ሳም ወደ ሻ ተለወጠ።

እንግዲህ እኔ በሰዋስው ዓይን የመጥረጊያና የመክፈቻ ዘመድ ነኝ።

ታዲያ ሰው ለልጁ እንዲህ ያለ ስም ለምን ያወጣል? በአገራችን ሐዘን የደረሰበት ቤት ውስጥ የተወለደ ልጅ ሐዘኑን የሚያመለክት ስም ይሰጠው ነበር። ማስረሻ ከነዚህ አንዱ ነው። ምትኩ ማለት «የእሱ ምትክ» ነው። ተካልኝ «የጎደለውን ሞላልኝ» እንደማለት ነው። ኑርልኝ ደግሞ ልመና ነው፤ «አንተ እንኳ ኑርልኝ»። ካሳ ማለት ለጠፋ ነገር የሚሰጥ ዋጋ ነው። ይህ ስም እስከ ቤተ መንግሥት ደርሷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ ይባሉ ነበር። በ1864 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም በልጅነታቸው ካሳ ምርጫ ነበሩ። ሁለት ነገሥታት፣ አንድ የልጅነት ስም!

ሁሉም ስም ግን የሐዘን አይደለም። ሯጮቻችንን ተመልከቱ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ አመጣ። «አበበ» ማለት አበባ አወጣ ማለት ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸነፈች። ደራርቱ የኦሮምኛ ስም ሲሆን ትርጉሙ እዚያው ማበብ ላይ ይደርሳል። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤይጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ ወሰደች። የእሷ ስም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ጥሩ ነሽ። እናቷ በጠራቻት ቁጥር እያመሰገነቻት ነበር ማለት ነው።

እኔ ግን ልጅ ሆኜ ስሜን የምወደው አልነበርኩም። ትምህርት ቤት «ማስረሻ፣ የቤት ሥራህን አስረሳኸን?» ይሉኝ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ አገር ለቅቄ ስወጣ ትንሽ እፎይ አልኩ፤ ትርጉሙን የሚያውቅ የለማ! ዛሬም ቡና ስገዛ ስሜን ሲጠይቁኝ «ማሲ» ብዬ እገላገላለሁ።

የመጨረሻ ስም የቱ ነው?

የዊተን ባቡር ጣቢያን የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ። ተንቀሳቃሽ ደረጃው 70 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በአሜሪካ አህጉራት ካሉት አንድ ወጥ ደረጃዎች ረጅሙ ነው። ቆሞ የሚወርድ ሰው ሦስት ደቂቃ ሊሞላው ምንም አይቀረው። እኔና ባለቤቴ ማታ ማታ እዚያ ላይ ቆመን ስም እንመርጣለን። ከላይ ጀምረን ታች እስክንደርስ አሥር ስም አንሥተን አሥሩንም ጥለን እንወርዳለን።

ባለቤቴ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋን እንደ ብዙዎቻችሁ ከቤት ሰምታ፣ ቀሪውን በራሷ ጥረት ነው የተማረችው። አንድ ቀን በደስታ «ትዝታ እንበላት!» አለችኝ።

«ከአባቷ ስም ጋር አንብቢው» አልኳት።

«ትዝታ ማስረሻ» አለች። ትንሽ ዝም ብላ አሰበችና ደረጃው ላይ በሳቅ ፈረሰች። «ቆርቆሮ መክፈቻ» ሲባል ቆርቆሮ የሚከፈትበት ዕቃ አይደል? «ትዝታ ማስረሻ» ደግሞ ትዝታን የሚያስረሳ መድኃኒት ይመስላል። ሌሎቹንም ሞከርን። ሰላም ማስረሻ፣ ፍቅር ማስረሻ፣ ተስፋ ማስረሻ። አንዱ ከሌላው የባሰ ነው። ከስሜ ጋር ቀጥ ብሎ የሚሄደው «ሐዘን» ብቻ ነው፤ ልጁን ሐዘን የሚል ሰው ግን የለም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሥርዓት ላስታውሳችሁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የልጁ ስም ይቀድማል፣ የአባት ስም ይከተላል፣ የአያት ስም በሦስተኛ ይመጣል። ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም አትለውጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ጽፎ ነበር። ሕዝቡ ግን በለመደው መንገድ ቀጠለ።

አሜሪካ ስንመጣ ቅጹ «የመጨረሻ ስም» ይለናል። የእኔ አባት በላይ ይባላል። ስለዚህ ቅጽ ላይ የመጨረሻ ስሜ በላይ ነው። ለልጄ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ አገራችን የእኔን ስም መስጠት ነው፤ ያኔ ማስረሻ ትባላለች። ሁለተኛው እንደ አሜሪካ «በላይ»ን የቤተሰብ ስም ማድረግ ነው። ብዙ የማውቃቸው ወላጆች ሁለተኛውን መርጠዋል። አባትና ልጅ አንድ የመጨረሻ ስም ስላላቸው ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥያቄ አይበዛባቸውም። እኔም የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ እንዲህ ያሉትን ቅጾች ሠርቼ አውቃለሁ። ሁለት ሣጥን፣ የመጀመሪያ ስም፣ የመጨረሻ ስም። ዓለም ሁሉ በሁለት ሣጥን የሚገባ መስሎን!

እውነቱን ልንገራችሁ። ሁለተኛው መንገድ ለእኔ ተስማሚ ሰበብ ነበር። «ለአሠራር ይመቻል» እያልኩ፣ በልቤ ግን የሐዘን ስሜን ከልጄ ላይ ላነሣው ፈልጌ ነበር።

ያልተለመደ ስም

አሜሪካ ውስጥ ስሞች ይቆጠራሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር በየዓመቱ የተወለዱ ልጆችን ስም ያወጣል፤ ዝርዝሩ ከ1880 ይጀምራል። በ2023 ከወንድ ሊያም፣ ከሴት ኦሊቪያ አንደኛ ነበሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአምስት ያነሱ ልጆች የተጠሩበት ስም ግን የሰዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል አይታተምም። ስለዚህ ስማችሁን ፈልጋችሁ ብታጡት አትደንግጡ። ምናልባት በተወለዳችሁበት ዓመት ሦስት ወይም አራት ብቻ ነበራችሁ።

በኢትዮጵያ በአገር አቀፍ ደረጃ ዘመናዊ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ እንዲህ ያለ ረጅም ዝርዝር የለንም። ግን ትልልቅ ሰዎች ስም ሰምተው ዘመኑን ይገምታሉ። ከበደ፣ ተሰማ፣ የሺ ሲባል አያቶቻችን ይመጡብናል። አብዮት የሚባል ሰው ካጋጠማችሁ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የተወለደ መሆኑን ጠርጥሩ። ናሆም፣ ቤተልሔም፣ ኤልሻዳይ ደግሞ የእኔ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ያሉ ልጆች ናቸው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ደግሞ ሊያ፣ ሳባ፣ ሰላም እንሰማለን፤ አጭር፣ ለፈረንጅ አፍም የማይከብድ።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳወራው «እኛም ጋ እንዲሁ ነው» አለኝ። እሱ የሃዋይ ሰው ነው። ሁለተኛ ስሙ አንድ መስመር ሊሞላ የደረሰ የሃዋይ ስም ነው፤ ሥራ ቦታ ግን ማንም አያውቀውም። የሃዋይ ስሞችም እንደ እኛ ትርጉም አላቸው። ሌይላኒ ማለት የሰማይ የአበባ ጉንጉን ነው። ተዋናዩን ኪያኑ ሪቭስን ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ከሃዋይ ቋንቋ «ቀዝቃዛ ነፋስ» ተብሎ ይተረጎማል። ሆሊውድ ሲገባ ስሙ እንግዳ ነው ተብሎ እንዲለውጠው ተጠይቆ ነበር። ለጥቂት ጊዜ በአጭር ሞከረ፤ በመጨረሻ ወደ ኪያኑ ተመለሰ። በጥንቱ ባህላቸው በሕልም የሚመጣ ስምም አለ።

ለምን ታዲያ የሃዋይ ስም ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቦታ ላይ ተደበቀ? ባልደረባዬ አስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ1860 በንጉሥ ካሜሃሜሃ አራተኛ ዘመን ሕግ ወጣ። ሕጉ ልጆች የመጀመሪያ ስማቸው የክርስቲያን ስም፣ የቤተሰብ ስማቸው ደግሞ የአባታቸው ስም እንዲሆን አዘዘ። ሕጉ የተሻረው በ1967 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ወላጆች የአያቶቻቸውን ስም መሃል ላይ እየሸጎጡ አቆዩት።

እኔን ያስገደደኝ ሕግ የለም። «ማሲ» ያልኩት ራሴ ነኝ።

ለነገሩ የምኖርባት ዊተን ራሷ ስሟን የለወጠች ናት። ቀድሞ ሊዝቦሮ ትባል ነበር። በ1869 የአካባቢው አዲስ የፖስታ ቤት ኃላፊ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዋሽንግተንን ለተከላከለው ለጄኔራል ፍራንክ ዊተን ክብር ስሙን ለፖስታ ቤቱ ሰጠ። ስሙ ከዚያ ወደ ከተማዋ አለፈ። ዛሬ ሊዝቦሮ የሚላት የለም።

እማዬ መጣች

እናቴ ልታርስልን ከአዲስ አበባ ደረሰች። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳት ከሁለት ትልልቅ ሻንጣ ጋር ነው። የአጥሚት እህል፣ የገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ በሶ፣ በርበሬ። ከልብስ ይልቅ እህል ይበዛ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ሆና አብሽ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ቅጹ፣ ስለ ሁለቱ መንገዶች ነገርኳት። «ሕፃኗ የበላይን ስም ብትይዝ ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«አባትህ ደስ ይለዋል» አለች። እጇ ግን መልቀሙን አቆመ። «አንተስ?»

«የእኔ ስም የሐዘን ስም ነው እኮ፣ እማዬ።»

ከእኔ በፊት አንዲት እህት እንደነበረችኝ አውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ኩፍኝ ወሰዳት። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። ቤታችን ውስጥ ፎቶ አልነበረም። ስሟም አይነሣም ነበር። እኔም አልጠየቅሁም፤ እናቴን ላለማስለቀስ።

«ስምህን ያወጡልህ አያትህ ናቸው» አለች። «የተወለድክ ዕለት ታቅፈውህ ‹ማስረሻ ይባል፤ ከእንግዲህ የዚያች ልጅ ነገር አይነሣ› አሉ። እኔን ለማዳን ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ምግብ አልበላ ብዬ፣ ከሰውነት ወጥቼ ነበር።»

«ታዲያ ረሳሻት?»

«እንዴት አድርጌ?» ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም። «ስሟን እንዳልጠራ ተከለከልኩ። ጎረቤት መጥቶ እንኳ ሊያነሣት ሲል ቡና ይዘው ይመጡና ወሬ ያስለውጡታል። አንተን ግን መጥራት አለብኝ። ‹ማስረሻ፣ ና ብላ!› ‹ማስረሻ፣ ጫማህን አድርግ!› በቀን ሃያ ጊዜ። ሃያውንም ጊዜ እሷ ትመጣለች። ሰው የሚሰማው አንተን ስጠራ ነው። እኔ ሁለታችሁንም ነበር የምጠራው።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት የስሜን ትርጉም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ለእናንተም ከላይ «ለመርሳት የሚያገለግል» ብዬ ጻፍኩላችሁ። መዝገበ ቃላት ላይ ልክ ነው። እናቴ አፍ ላይ ግን ትርጉሙ ተቃራኒው ነበር።

«ስሟ ማን ነበር?» አልኳት።

ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። «ለልጃችን እንስጣት?» ስላት ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም። እሷ ስሟን ይዛ ሄዳለች። አንተ የሰው ቦታ ይዘህ ተወለድክ፤ አንተ ግን ምን አጠፋህ? ልጅህ የማንንም ቦታ ሳትይዝ ትወለድ። የራሷን ስም አውጡላት።» አብሹን መልቀም ጀመረች። ቆይታ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «የአባቷ ስም ግን ያው የአባቷ ስም ነው። አንተ ስምህን ካነሣኸው፣ እኔ ያለፍኩ ቀን ያቺን ልጅ የሚጠራት ማን አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ።

መጽሐፉ የሚያድርበት

የመጀመሪያው ስም ግን ገና አልተገኘም። ያገኘችው ባለቤቴ ናት።

እናቴ የጸሎት መጽሐፏን፣ ዳዊቷን፣ ይዛ መጥታለች። መጽሐፉ ማንገቻ ባለው የቆዳ ከረጢት ውስጥ ነው። ከአያቷ የወረሰችው ነው፤ ቆዳው ከብዙ እጅ የተነሣ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ማታ ጸሎቷን ጨርሳ መጽሐፉን ስትከት ባለቤቴ አየቻትና ጠየቀች፦ «እማማ፣ ይሄ ቦርሳ በአማርኛ ምን ይባላል?»

«ቦርሳ አይደለም ልጄ። ማኅደር ነው። መጽሐፉ የሚያድርበት።»

እናንተም ቃሉን ልብ በሉት። በግዕዝ «ኀደረ» በአማርኛ «አደረ» ነው። ሌሊቱን አሳለፈ፣ ኖረ። ማኅደር ማደሪያ ነው። ቢሮ ውስጥ የሰው ወረቀት የሚቀመጥበትም ማኅደር ይባላል። ኮምፒውተር ላይ ሰነዶች የምናስቀምጥበትም ብዙ ጊዜ በዚሁ ስም ይጠራል። ለመሐንዲስ ልጅ መቼም አያንስም።

«ለሰው ስም ይሆናል?» አለች ባለቤቴ።

«እንዴታ! የሴት ስም ነው።»

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። «ማኅደር ማስረሻ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሳቋ መጣ። «ኮምፒውተር ላይ ፋይል ማጥፊያ አይመስልም?»

«ይመስላል» አልኳት። ሦስታችንም ሳቅን። እናቴ ፋይል ማጥፊያው ባይገባትም ሳቀች።

ልጃችን የተወለደችው ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ነው። ጠዋት አንዲት ሠራተኛ ቅጹን ይዛ መጣች። የመጀመሪያ ስም የሚለው ላይ በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል ጻፍኩ። መሃሉ ላይ ያለችውን ኅ እንዳትውጧት ነገርኳት፤ እሷም ሁለት ጊዜ ሞክራ በትክክል አለችው። የመጨረሻ ስም የሚለው ሣጥን ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ ቆመ። ከዚያ የራሴን ስም፣ ሙሉውን፣ ጻፍኩ።

«ከአንተ የመጨረሻ ስም ጋር አይመሳሰልም፤ ትክክል ነው?» ብላ ጠየቀች። ትክክል ነው አልኳት። ይህን ጥያቄ ገና በየቦታው እንደምመልስ አውቃለሁ።

እናቴ አሁን ከጎኔ ሕፃኗን ታቅፋ ታባብላለች። «ማኅደርዬ» ትላታለች። እኔን ደግሞ ከወጥ ቤት «ማስረሻ!» ብላ ስትጠራኝ እንደ ድሮው «እየመጣሁ ነው» ብዬ አልዘገይም። ቶሎ «አቤት» እላለሁ፤ ለሁለት።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን፣ ካላችሁም አያታችሁን፣ በአማርኛ ይህን ጠይቋቸው፦ «ስሜን ማን አወጣልኝ? ለምን?» ስልክ ላይ ሳይሆን አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። የሚለቀም ምስር ወይም የሚፈተል ጥጥ ካለ ያግዛል፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። መልሱን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ስማችሁ ግስ ከሆነ ግሱን፣ ዓረፍተ ነገር ከሆነ ማን ለማን እንደተናገረው አስምሩበት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።